የአባቴ አንባቢ

ሰውን በአነባበቡ ማወቅ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አዳማ ውስጥ አንድ የዓይን ክሊኒክ ተራዬን እየጠበቅሁ ተቀምጫለሁ። የያዘኝ የአባቴ በሽታ ነው። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ይሉታል፤ እይታን ከዳርና ከዳር እያጠበበ መጥቶ በመጨረሻ ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ያደርጋል። ጠብታ ጨምረውልኝ ጨፍን ስለተባልኩ ጨፍኛለሁ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዲት ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ ዳዊት ስትደግም የሰማሁት። በግእዝ ነበር። ግእዙ አልገረመኝም፤ በዚህ ከተማ ዳዊት የሚደግም ሽማግሌና አሮጊት ሞልቷል። የገረመኝ አካሄዱ ነው። ሌላ ሰው በማይቆምበት ቦታ፣ ከሐረጉ መካከል ላይ ትንሽ ቆም ትላለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ከመሬት እንደምታነሳ ሁሉ በጥንቃቄ ታነሳዋለች። እንደዚያ የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነው የማውቀው። አንደኛው አባቴ ናቸው፤ ከሞቱ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሁለተኛዋ እህቴ ጽጌ ናት። ከእሷ ጋር ደግሞ ከአባቴ ሞትም በፊት ጀምሮ ተያይተን አናውቅም። ዓይኔን ልግለጥ አልግለጥ እያልኩ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ።

ልጅ ሳለን ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ስሟ ከወንጌል የተወሰደ መሆኑ ሲነገረኝ ነገሩን በግልባጩ ተረዳሁትና፣ ጌታ ያደገው እዚሁ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ የጋሪ ፈረሶች ውሃ ከሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ መሰለኝ። አንድ ቀን አባቴን «የአናጢው የዮሴፍ ቤት የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሪ ያኔ ከጣቢያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በስሙኒ ያደርስ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ብርጭቆው እስከ ግማሽ ድረስ ስኳር። ባቡሩ ሲገባ የወንጂ ሸንኮራ የተሸከሙ ሴቶች ከመስኮት መስኮት ይሯሯጣሉ፤ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ፉርኖ ሲወጣ ሽታው ከአረቡ ሱቅ የጋዝና የሳሙና ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ እኛ ሰፈር ይደርሳል። ትንሽ ከፍ ስንል ደግሞ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ ላይ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝና ጎፈሬ መጣ። እሑድ ከሰዓት ከቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመን፣ ሳንገባ፣ በነፃ ዘፈን እንሰማለን። የመንገዱ ዳር ዘንባባ አቧራ ለብሶ ግራጫ ይሆንና የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው በአንድ ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ዛሬ ገንዳው በነበረበት ቦታ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ፈረሶቹን ባጃጅ ተክቷቸዋል፤ ኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ። ሰዎች ከተማዋ አማረባት ይላሉ። አምሮባት ይሆናል፤ እኔ ከሚሽከረከረው ነገር በቀር አጥርቼ የማየው እየቀነሰ ነው።

አባቴ ከመንዝ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎን፣ ከአንድ የግራር ዛፍ ሥር፣ ለሰፈሩ ልጆች ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሌሎች እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ክታብ ጽፈው ሲኖሩ እሳቸው አንድም ቀን አልጻፉም። ልጅ የታመመባት እናት ከአቦምሳ ድረስ መጥታ «እባክዎ የኔታ፣ ለዓይነ ጥላ የሚሆን» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ክታብ የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ጸሎት ላድርግለት፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብለው ሸኟት። የአባቴ ነገር እንዲህ ነበር። የሚሠሩት ሁሉ ሥሩ የት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስንጸልይ ለምን ወደ ምሥራቅ እንዞራለን? ዕጣን ለምን ይታጠናል? ካህኑ የታመመን ሰው ለምን ዘይት ይቀባል? ምሳ ላይ ይጠይቁንና መልሱን ከመጽሐፍ እስክናመጣ ድረስ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

መልሱን የማመጣው እኔ አልነበርኩም። አሁን ልሸሽገው የማልችለው ይህ ነው። የበኩር ልጅ ነኝ፤ አባቴ በእኔ ላይ ብዙ ደክመዋል፤ ድምፄ ግን ለዜማ አልሆነም፤ ልቤም አንድ መዝሙር ይዞ ሌላውን ይጥላል። በመጨረሻ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ላኩኝ፤ ከዚያም መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ አስተማሪ ሆንኩ። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር የሚያነብላቸው ሰው አስፈለጋቸው። መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አነበብኩላቸው። በአራተኛው ቀን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው፣ በጣም በትሕትና፣ «አስፋው ልጄ፣ አንተ እንደ ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ነው የምታነበው። እስኪ ጽጌ ትሞክር» አሉኝ። ጽጌ ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ሴት ልጅ ዳዊት ስትማር ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። አባቴ ግን ፊደሏን ከእኔ ሰርቃ ከግራሩ ጀርባ ቆማ እንደተማረች ያውቁ ኖሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ግእዙንም አማርኛውንም እንደ ውሃ ትወርደው ጀመር፤ ያቺን የእሳቸውን ቆም ማለትም ሳታውቀው ወረሰቻት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰማያዊ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ፣ የላስቲክ ኮንጎ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ጥላ፣ በርጩማዋን መስኮቱ አጠገብ ታስጠጋለች። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን ይዘው ይሰማሉ። እኔ ማዶ ካለው ክፍል የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ሁሉንም እሰማለሁ።

«አባባ፣ ከበሮና ጸናጽል ከየት መጣ?»

«ዳዊቱን ወደ መጨረሻው ግለጪ።»

ታገላብጣለች፤ ታገኛለች፤ በከበሮና በጸናጽል አመስግኑት የሚለውን ስታነብ ሁለቱም ይስቃሉ።

«እሺ ጾሙስ?»

«ሙሽራው ከእነሱ የሚወሰድበት ጊዜ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ይጾማሉ ያለውን ፈልጊ። ከዚያ ሐዋርያት ሲጾሙ ፈልጊ።»

«እሱንስ አገኘሁት። የፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን መሆኑ ግን የት ተጽፏል?»

«ቁጥሩ አልተጻፈም» አሉ አባቴ። «ሥሩ ነው የተጻፈው፤ ቅርንጫፉን አባቶች አበጁት። ይህን ለይተሽ እወቂ። ቅርንጫፉን ሥር ነው ብሎ የሚያስተምርሽ ሰው ቢመጣ አትመኚው። ሥር ብቻ ይበቃኛል፣ ቅርንጫፍ አልፈልግም የሚልሽ ቢመጣም ፍሬውን ከየት እንደሚለቅም ጠይቂው።»

እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ነግረውኝ አያውቁም። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ እኔ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ስለ ዘመኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሰልፍ ይላል፤ ወጣቱ የሚይዘውን ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣል። ጽጌ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ከጣቢያው ጀርባ አንድ ቤት ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡበት ቦታ ወሰደቻት። ጊታር አላቸው፤ በራቸውን ዘግተው ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ጴንጤ የሚባሉት ናቸው። ቃሉ ያኔ ስድብ ነበር። ጽጌ የሄደችበትን አልደበቀችም። በዚያው ቀን መጥታ ለአባቴ ነገረቻቸው። ይቆጧታል ብዬ ደብተሬን ዘግቼ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ምን አነበባችሁ?» አሏት።

«የሮሜን መልእክት።»

«ስንተኛውን ምዕራፍ?»

«አምስተኛውን።»

«ደግ አድርጋችኋል። ያሉሽን ንገሪኝ፤ ከዚያ እኔ ደግሞ አባቶች ምን እንዳሉበት እነግርሻለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። እሷ እዚያ የሰማችውን እዚህ ታመጣለች፤ አባቴ አንዳንዱን «ልክ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዱን ይከራከራሉ፤ አንዳንዱን «ይህን አላውቅም፤ አስቤ እነግርሻለሁ» ይላሉ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ስም ያለኝ ልጅ ነበርኩ፤ ነጭ ለብሼ ፊት ላይ እቆማለሁ። ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ «የየኔታ ልጅ ጴንጤ ሆነች አሉ» ይባባላሉ። ቅናቴ ለሃይማኖት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ነበር የቀናሁት።

ፍልሰታ ገባ፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ሱባኤ ለመያዝ ዐሥራ አምስቱን ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሊያሳልፉ ሄዱ። እናታችን ቀደም ብላ ሞታለች። ቤት ውስጥ እኔና ጽጌ ብቻ ቀረን። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጽጌ መጽሐፉን ዘርግታ፣ ከጎኗ ወረቀት ላይ የምትጠይቃቸውን ነገሮች ለአባባ ትጽፋለች። ወረቀቱን ነጥቄ አየሁት። ምንም ክፋት አልነበረበትም።

«ውጪ ከዚህ ቤት» አልኳት።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ወይ እምነትሽን ወይ ቤቱን ምረጪ። የአባባን ስም አፈር አስበላሽው።»

«አባባ ይምጡ። እሳቸው ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። አስቤበት አይደለም፤ እንደ ማስነጠስ ነው ከአፌ የወጣው። «አባባ ናቸው ያሉት» አልኳት። «ከሱባኤ ስመለስ እንዳላገኛት ብለው ላኩብኝ። አፍረው ነው ራሳቸው ያልነገሩሽ።»

አላለቀሰችም። ልብሷን በአንድ የጨርቅ ሻንጣ አደረገች። ጋሪ የጠራሁላት እኔ ነኝ። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ «ጠብታቸውን ማታ ማታ አድርግላቸው፤ ይረሱታል» አለችኝ። ፈረሱ አቧራ እያስነሳ ሄደ።

አባቴ የጾሙ ፍቺ ዕለት በአንድ ዲያቆን እጅ ተይዘው ሲመለሱ ገና ከበሩ «ጽጌ!» አሉ። እኔ ወጣሁና ሁለተኛውን ውሸት ነገርኳቸው። «ሄደች አባባ። የጣዖት ቤት ውስጥ አልኖርም ብላ፣ ፈቅዳ ሄደች።» አባቴ ግድግዳውን ዳበሱና አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «እንዲህ ብላ አትናገርም» አሉ። «ብላለች» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢያቸው ሆንኩ። የፈለግሁትን በርጩማ አገኘሁት። አባቴ በትዕግሥት ይሰሙኝ ነበር፤ አንድም ቀን አላቋረጡኝም፤ አንድም ነገር ግን አላብራሩልኝም። ስጨርስ «ተባረክ» ይሉኛል፤ በቃ። እንድፈልጋት ሲለምኑኝ መቂ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ አልኳቸው። መቂ የሄድኩት ቲማቲም ከሚጭን የጓደኛዬ አይሱዙ ጋር ለሽርሽር ነበር፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከዓመት በኋላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፖስታ ሳጥን መጣ። የጽጌ ነበር፣ ከአርሲ ነገሌ። እዚያ አንዲት ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ ሥራ አግኝታለች። ፖስታው ላይ «ለአባባ የሚነበብ» የሚል አለበት። ውጪ ቢሏትም ልጃቸው መሆኗን፣ እንዳልተቀየመች፣ እንደምትጸልይላቸው ትነግራቸዋለች፤ ከታች ደግሞ ሦስት ጥያቄ። መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት ደብዳቤ መጣ። ቶሎሳ የሚባል፣ እህል ገበያ ውስጥ የሚሠራ፣ የእምነት ጓደኛዋ የሆነ ሰው እንዳገባች፤ የአባቱ ቤተሰቦች ሙስሊም መሆናቸውን፣ ግን ደግ ሰዎች መሆናቸውን ጻፈች። አንዱ ደብዳቤ እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። ልጇ ገና ስም ሳይወጣላት በኃይለኛ ትኩሳት ታማ፣ ሽማግሌዎቻቸው ያዕቆብ በመልእክቱ እንዳዘዘው ዘይት ቀብተው ጸለዩላት። «አባባ» ትላለች፣ «ዘይቱ ሲሸተኝ እርስዎ ለታመሙ ሰዎች የቀንዲል ጸሎት ሲያደርሱ ትዝ አሉኝ። ያው አንድ ቃል ነው፤ እዚህም እዚያም አንድ ቃል ላይ ነው የቆምነው። ይህን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ልጅቷ ድናለች። ስም ያውጡላት፤ እጠብቃለሁ።» ስሙን ስምንት ወር ጠበቀች። በመጨረሻ አባቷ ኤቢሴ አላት፤ የተባረከች ማለት ነው በኦሮምኛ።

አባቴ ሲሞቱ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት እጄን ፈልገው ያዙኝ። «አስፋው፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን ብዬ ነው ያስቀየምኳት? ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ይህን አላውቅም ያልኳት ጊዜ ይሆን? መልስ የሌለው አባት ሆንኩባት ይሆን?»

መሳቢያው ውስጥ ስድስት ደብዳቤ ነበር፤ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ። ሄጄ ማምጣት እችል ነበር።

«ምንም አላስቀየሟትም አባባ» አልኳቸው።

«ደብዳቤስ የለም?»

«የለም።»

በሦስተኛው ቀን አረፉ። ለጽጌ አላስነገርኩም። ከወር በኋላ ከአንድ እህል ነጋዴ መስማቷን ሰምቼ ትመጣለች ብዬ ፈራሁ፤ ሳትመጣ ቀረች። ሰፈሩ «ጴንጤ ለአባቷ እንኳን አታለቅስም» አለ። እኔም ሲሉ ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ደብዳቤዎቹን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ፣ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጉድጓድ ጨመርኳቸው።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት ኑሮ ከውጪ ሲያዩት መልካም ነው። አገባሁ፤ ልጆቼ ተምረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሚስቴ ቀደመችኝ። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ ሥርዓታችን የመጽሐፍ መሠረት አስተማርኩ። ሰዎች ከሞጆና ከመቂ ሳይቀር ሊሰሙኝ ይመጡ ነበር። «ጋሼ አስፋው የማያውቀው ጥቅስ የለም» ይባላል። ያስተማርኩት አንዱም የእኔ አልነበረም። ጥያቄዎቹ የጽጌ ናቸው፤ መልሶቹ የአባቴ። ማዶ ክፍል ሆኜ ደብተር ሳርም በጆሮዬ የለቀምኩትን ነው ለሕዝብ የሰጠሁት። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ተነሥታ «ይህን ሁሉ ከማን ተማሩት?» ስትለኝ «ከአባቴ» አልኩ። እህቴን አላነሳኋትም።

እንግዲህ በዚያ ክሊኒክ ዓይኔን ገለጥኩ። ጠብታው አደብዝዞብኛል፤ ግን አወቅኋት። ቀጭን፣ ሽበቷን በጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ መጽሐፍ ሳትይዝ በቃሏ ነበር የምትደግመው። ከጎኗ አርባዎቹን የጀመረች ሴት ተቀምጣለች።

«ጽጌ» አልኳት።

ዳዊቷን አቋረጠች። ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፤ ያን ጊዜ የእሷም ዓይን ከእኔ የባሰ መሆኑን አየሁ። «ማነው?»

«አስፋው ነኝ።»

ልጅቷ ብድግ ብላ ደንግጣ አየችኝ። «አከም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረችና ወደ አማርኛ መለሰችው፤ «አጎቴ፣ እርስዎ ነዎት? ኤቢሴ እባላለሁ።» ጉንጬን ሳመችኝ። ጽጌ አልሳመችኝም፤ ግን ጎኗ ያለውን ወንበር በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ለሕክምና ከአርሲ ነገሌ መምጣቷን፣ ቶሎሳም መሞቱን ነገረችኝ። እኔም ሚስቴን ነገርኳት። ስለ ዓይናችን አወራን፤ «ከአባባ ነው የወረስነው» አለች፤ ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የኖረችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ደብዳቤዎቼን ስታነብላቸው ምን ይሉ ነበር?»

ላጽናናት እችል ነበር። አለቀሱ ልላት እችል ነበር፤ ቢያንስ ዘይቱን ያነሳሽበትን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ ልላት እችል ነበር። እንደዚያ የሚያምር ውሸት ለመፍጠር ልምዱም አለኝ። ግን የአባቴን የመሰለ ዓይን ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ምንም ሳያይ፣ እየተመለከተኝ ነው።

«አላነበብኩላቸውም» አልኩ። «አንዱንም። ውጪ ብለው የላኩብሽም እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። እስኪሞቱ ድረስ ሲጠብቁሽ ነበር።»

ኤቢሴ አፏን በእጇ ያዘች። ጽጌ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ነርሷ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራች። «አርባ ዓመት ሙሉ» አለች ጽጌ በቀስታ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ሰምተው ዝም ያሉኝ መስሎኝ። ሲሞቱ እንኳ ተቀይሜ አላለቀስኩላቸውም። ልጄ ታማ ስም ያውጡላት ብዬ…» አልጨረሰችውም። የልጇን ክንድ ይዛ ተነሣችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች። ስትወጣ በሌላ በኩል ነው የወጣችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ በሬ ላይ ባጃጅ ቆመ። በመስኮቱ ሳይ ጽጌ ከኤቢሴ ጋር ትወርዳለች። ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቃ አስራለች። ሰላም አላለችኝም። ያደገችበት ቤት ነውና የአባቴ ክፍል የት እንደሆነ ታውቃለች፤ እየዳበሰች ገባችና አልጋቸው በነበረበት ጥግ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «አባባ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያች ቀጭን ሰው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «አባባ፣ ጠበቁኝ ወይ? አባባ፣ ሳልመጣልዎ!» ደረቷን ትመታለች። ኤቢሴ አጠገቧ ሆና አብራት ታለቅሳለች፤ አይታቸው ለማታውቃቸው አያቷ።

ጎረቤት ጩኸት ከሰማ አይቀርም። መጀመሪያ የደረሱት አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ሽርጣቸውን እያስተካከሉ፣ ባዶ እግራቸውን። ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች፣ ከኋላቸው ማዶ ያሉት የጸሎት ቤቱ ሰዎች። ግቢው ሞላ። አንዱ ወንበር ሊያመጣ፣ አንዱ ድንኳን ሊጠራ ሩጫ ጀመረ።

«ጋሼ አስፋው» አሉኝ እትዬ ዘይነባ ክንዴን ይዘው፣ «ከልጆቹ ነው? ማን ሞተ?»

«አባቴ» አልኩ።

ያዘኑልኝ ይመስል አዩኝ፤ አእምሮዬ የተነካ ሳይመስላቸው አልቀረም። ስለዚህ እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ነገርኳቸው። የሰንበት ተማሪዎቼም ነበሩ። ስጨርስ እትዬ ዘይነባ ክንዴን ለቀቁና ገብተው ከጽጌ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወንዶቹ ደጅ ተቀመጡ፤ ከእኔ በስተቀር እርስ በርስ እያወሩ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ምግቡ ከየቤቱ መጣ፤ የቀረበልኝን በላሁ፤ ያናገረኝ ኤቢሴ ብቻ ናት፤ እሷም ጨው ይስጡኝ ለማለት ያህል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጽጌ ልብሷን አጥባ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ወደ አርሲ ነገሌ ለመመለስ ተነሣች። ባጃጁ ድረስ ልሸኛት ወጣሁ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ብዬሃለሁ» አለች። «ክሊኒኩ ውስጥ እያለሁ ነው ያልኩህ። እንዳልል መጽሐፉ አያስችለኝም፤ አባባ በደንብ ነው ያስተማሩኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። አላየችውም፤ ወይም አይታው ይሆናል። የባጃጁን ብረት ይዛ ገባችና ተስተካክላ ተቀመጠች።

«የአባባን ለቅሶ ጨረስኩ» አለችኝ። «አንተም ስትሞት መጥቼ አለቅስልሃለሁ። እስከዚያ ግን አትጥራኝ።»

ባጃጁ ተነሣ። ያ ከሆነ ዓመት ሞላው፤ አልጠራኋትም። እንደምትመጣ ግን አልጠራጠርም። እህቴ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት።